ቴስታ፣ ካልቾ፣ ጠረባ፤ የቅይጥ ፍልሚያ ታሪክ ከሆኖሉሉ እስከ ጉለሌ

እኛ ደኅና ነን፤ አንድ የእጅ አንጓ ሲቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማለዳ አምስት ሆነን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እንወጣለን። ወደዚያ ለእግር ጉዞ የሚመጣ አለ፤ አየር ሊቀበል የሚመጣ አለ፤ ደብተር ይዞ የዛፍ ስም ሊያጠና የሚመጣ ተማሪም አይጠፋም። እኛ ግን ገላጣ ሣር ፈልገን፣ ጫማችንን አውልቀን እንማታለን። አስተማሪ የለንም። ነጭ የካራቴ ልብስ የለንም፤ ቱታ ይበቃናል። ቀበቶ ካስፈለገም የሱሪያችን አለ።

አንዱ ጓደኛችን ልጅ ሳለ ሦስት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቷል፤ እግሩ ዛሬም ጆሮ ድረስ ይደርሳል። ሌላው በሰፈሩ ቦክስ ሲለማመድ ነው ያደገው። ሦስተኛው ከገጠር የመጣ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ጋር የታገለውን ትግል አልረሳም፤ ወገብ ከያዘ አይለቅም። የቀረነው ሁለት ሴቶች ከዜሮ የጀመርን ነን። እኛን ወደ ሣሩ ያመጣን ፊልም ሳይሆን ለከፋ ነው። አመሻሽ ላይ ከታክሲ ወርደን ቤታችን እስክንደርስ ያለችውን አጭር መንገድ፣ ቁልፍ በጣታችን መሃል ጨብጠን መሄድ ስለሰለቸን ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እናም ከቴኳንዶው እርግጫ፣ ከቦክሱ ቡጢ፣ ከትግሉ ጠረባ እየወሰድን ስም ያልወጣለት ነገር መሥራት ጀመርን። ጥሩም ሄደልን። አንድ ቅዳሜ ግን ከመካከላችን አንዱ ማታ በስልኩ ያየውን የመጣል ዘዴ ጠዋት ይዞት መጣ። «ቀላል ነው፤ ክንዷን ይዤ እዞራለሁ» አለ። እውነትም ዞረ። ጓደኛችንም ከመሬት ላለመላተም እጇን ዘርግታ ወደቀች። «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ አምስታችንም ሰማን።

ወጌሻ ወይስ ሐኪም ቤት የሚለው ክርክር ታክሲ ውስጥ አልቆ፣ ማታ ጀሶ ታስሮላት ቤቷ ገባች። እናቷ አልጮኹም። ሻይ ቀድተው ከሰጡን በኋላ ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ያለ መምህር የተማሩት ትምህርት መጨረሻው ጀሶ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። ያን ሰሞን ሣሩን ትተን ንባብ ገባን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ ጓደኛሞች ከዚህም ከዚያም ቀላቅለው፣ እርስ በርስ ተማምረው የሠሩት ፍልሚያ በዓለም ላይ የት ደርሷል? ወይስ እንደኛ ሁሉም ጀሶ ቤት ነው የቀረው?

የፓላማዎቹ አምስት

ያገኘነው የመጀመሪያ ታሪክ ቁጥሩም ከእኛ ጋር ገጠመ። ሃዋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1947። ሃዋይ ያኔ በአሜሪካ ሥር ያለች የደሴቶች ግዛት እንጂ ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት አልሆነችም፤ ያን የሆነችው በ1959 ነው። በሸንኮራና በአናናስ እርሻዎቿ ሊሠሩ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያ፣ ከፊሊፒንስና ከፖርቱጋል የመጡ ሰዎች ልጆች፣ ሆኖሉሉ ከተማ ውስጥ ፓላማ በሚባለው የድኻ ሰፈር አብረው አድገዋል። ሰፈሩ የጠብ ሰፈር ነበር። ራስን መከላከል እዚያ የመዝናኛ ጉዳይ አልነበረም።

በዚህ ሰፈር አምስት ወጣቶች ተገናኙ። ፒተር ቹ የኮሪያ ካራቴ ያውቃል። ጆ ሆልክ ጁዶ፣ ፍራንክ ኦርዶኔዝ ጁጂትሱ ያውቃሉ። ክላረንስ ቻንግ የቻይና ቦክስ ተምሯል። አድሪያኖ ኢምፔራዶ ኬንፖና የፊሊፒኖችን የዱላ ፍልሚያ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ በየቤቱ «የኔ ይበልጣል» ማለት ይችል ነበር። እነሱ ግን ከእይታ ገለል ብለው አብረው መለማመድ ጀመሩ። የካራቴው ሰው ይመታል፤ የጁዶው ሰው ምቱን አሳልፎ ሊይዘው ይሞክራል፤ የኬንፖው ሰው ደግሞ ሲያዝ እንዴት እንደሚያመልጥ ያሳያል። የአንዱ ዘዴ የት ላይ እንደሚሰበር የሚነግረው የሌላው ዘዴ ነበር። እንዲህ ሲሉ ዓመታት ቆይተው ለሥራቸው ስም አወጡለት፦ ካጁኬንቦ። «ካ» ከካራቴ፣ «ጁ» ከጁዶና ከጁጂትሱ፣ «ኬን» ከኬንፖ፣ «ቦ» ከቻይና ቦክስ።

ስሙን ልብ በሉት። ከየት እንደተወሰደ የማይደብቅ ስም ነው። ሰው ሲጠራው የምንጮቹን ዝርዝር ይጠራል።

እዚህ ላይ የእናታችንን ተግሣጽ የሚያጠናክር ነገርም አለ፤ እንዳንደብቃችሁ። የካጁኬንቦ የመጀመሪያ ዓመታት ልምምድ በጭካኔው የታወቀ ነበር። ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ብዙ ተማሪ ጥሎ ሄዷል። ኢምፔራዶ ራሱ ከ1959 ጀምሮ ለስለስ ያለውን የቻይና ኩንግፉ እየጨመረበት ጥበቡን አሻሽሎታል። የፈጠረውን ነገር ለማረም አላፈረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፍ ትምህርቱ ከሃዋይ አልፎ ብዙ አገር ደርሶ ነበር።

ጦርነቱና ስሙ

የአምስቱ ቡድን ግን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ጓደኞቹ ለውትድርና ሄዱና ኢምፔራዶ ብቻውን ቀርቶ ማስተማሩን ቀጠለ።

የኮሪያ ጦርነት ሲባል የማን አያት ትዝ እንዳለው እናውቃለን። የክብር ዘበኛ የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ኮሪያ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቷል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወድቀዋል። የፓላማን ጓደኛሞች የበተነውና የኛን አያቶች የጠራው አንድ ጦርነት ነው።

ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ቾይ ሆንግ ሂ የተባለ የደቡብ ኮሪያ ጄኔራል ለወታደሮቹ ያስተምረው ለነበረው ፍልሚያ «ቴኳንዶ» የሚል ስም ሰጠው። ዛሬ በየሰፈራችን ልጆች ነጭ ለብሰው «ኪያፕ!» እያሉ የሚጮሁበት፣ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ አገራችንን ወክሎ የተወዳደረበት ቴኳንዶ ማለት ነው። ስለ ቴኳንዶ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሺህ ዓመታት የኮሪያ ቅርስ መሆኑ ነው። ጄኔራሉ ግን በወጣትነቱ ጃፓን ተልኮ ሲማር የተማረው ካራቴ ነው። ካራቴውን ይዞ፣ የኮሪያን የእግር ጨዋታ አጉልቶ፣ ከጓዶቹ ጋር አዲስ ነገር ሠራ። የሦስት ዓመቱ ቴኳንዶኛችን ይህን ስንነግረው ለአፍታ ዝም አለና፣ «እና እኔ ለካ ከመጀመሪያውም ቅይጥ ነበርኩ!» አለ።

ነበርክ። ጁዶም እንዲሁ ነው። ጂጎሮ ካኖ የተባለ የጃፓን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ ቤተ መቅደስ ጥግ፣ በ12 ምንጣፍ ላይ፣ በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች የጀመረው ነው። ከሁለት የጁጂትሱ ቤቶች የተማረውን አዋሕዶ፣ አጥንት የሚሰብረውን ከነጻ ልምምድ አውጥቶ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ጉልበት እየተጣጣሉ ነገም ጤነኛ ሆነው እንዲመለሱ አደረገ። ለዚህም አንድ ነገር ከሁሉ አስቀደመ፦ አወዳደቅ። አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ እጅን ዘርግቶ መሬቱን ከመደገፍ ይልቅ ክንድን ከነመዳፉ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ጀርባን እንደ ኳስ ማጉበጥ።

ይህን ስናነብ አንገታችንን ደፋን። መጣል ስንማር መውደቅን ማንም አላስተማረንም ነበር።

ምንጩን የደበቀ ቅይጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የሩሲያውን ሳምቦ ይይ። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ ጁዶን ቶኪዮ ሄዶ ከካኖ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነበር። ሞስኮ ተመልሶ ለወታደሮችና ለስፖርተኞች አስተማረ፤ ከሌሎች ትግሎችም አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ1937 የጃፓን ሰላይ ተብሎ ታሰረና በቀናት ውስጥ እስር ቤት ሞተ። በዓመቱ ስፖርቱ በመንግሥት ዕውቅና አገኘ። የሰውየው ስም ግን ለአሥርት ዓመታት ከታሪኩ ወጣ፤ ሳምቦም ከሶቪየት ሕዝቦች ባህላዊ ትግል ብቻ የተቀዳ ተደርጎ ተነገረ። «ንጹሕ የኛ ነው» ለማለት አንድ ሰው መጥፋት ነበረበት።

ብሩስሊ እና ጋራዡ

ያለ ብሩስ ሊ ይህን ጽሑፍ ብንጨርስ ታላላቅ ወንድሞቻችን ይቀየሙናል። የቪዲዮ ቤት ትውልድ ናቸዋ! በጥቂት ሳንቲም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀው፣ ካሴቱ ሲዘል እያፏጩ፣ «አክተሩ አይሞትም» እየተባባሉ ያዩት ሰው፣ በነሱ አፍ ስሙ አንድ ቃል ነው፦ «ብሩስሊ»።

እነሱ ያዩት ግን መጨረሻውን ነው። መጀመሪያው ከፊልም ይልቅ የኛን ሣር ይመስላል። ብሩስ ሊ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከኢፕ ማን ዊንግ ቹን ተምሮ፣ በ1958 በትምህርት ቤቶች የቦክስ ውድድር አሸንፎ፣ የቻቻ ዳንስ ሻምፒዮንም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ሲያትል ሲገባ 18 ዓመቱ ነው፤ የሚሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግሎቨር የተባለ ጁዶ የሚያውቅ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሌላው ታኪ ኪሙራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናዊ አሜሪካውያን በታጎሩባቸው ካምፖች የኖረ፣ ግሮሰሪ ያለው ሰው ነበር። በመኪና ማቆሚያና በየሜዳው ነበር የሚለማመዱት። በኋላም ኦክላንድ ውስጥ ከጄምስ ሊ ጋር ሲሠራ የጄምስ የቤት ጋራዥ ጭምር ትምህርት ቤት ሆኗል።

በ1964 መጨረሻ ብሩስ ከዎንግ ጃክ ማን ጋር ዝግ በር ውስጥ ገጠመ። እሱና ሚስቱ እንደተናገሩት አሸንፏል፤ ግን አልተደሰተም። ትንፋሹ አጥሮት ነበር፤ የተማረው ዘዴም እንደጠበቀው አልታዘዘለትም። ብዙ ሰው ቢሆን ድሉን እያወራ ይኖር ነበር። እሱ ቦክስ መረመረ፤ ወንድሙ የሚያውቀውን የሰይፍ ስፖርት አጠና፤ ከጁዶ ሰዎች ተማረ። ከዚህ የወጣውን በ1967 «ጂት ኩን ዶ» ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1970 ግን ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዘጋ። ነገሩ ደረቅ ሕግ ሆኖ እንዳይቀር ፈራ። ጓደኛው ዳን ኢኖሳንቶ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዎች ብቻ በግቢው ማስተማሩን ቀጠለ።

በዚያው በ1970 የሆነ አንድ ነገር ግን በቪዲዮ ቤት አልታየም። ብሩስ ሊ በቂ ማሟሟቂያ ሳያደርግ ክብደት ሲያነሣ ጀርባውን ተጎዳና ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። በዚያ ጊዜ ስለ ፍልሚያ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ከሞተ በኋላ፣ በ1975፣ መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። የሞተው ሐምሌ 20 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ 32 ዓመቱ ነበር። በፈጣን ቡጢው የታወቀው ሰውም ሰውነቱን ችላ ያለ ዕለት ሰውነቱ ቀጥቶታል።

ወደ ሰፈራችን

«ይሄ ሁሉ የውጭ ታሪክ ነው፤ እኛ የራሳችን አለን» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አለን እንጂ! ትግል አለን፤ የሽመል ጨዋታ አለን፤ በደቡብ ምዕራብ የሱሪዎች ዶንጋ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ሰፈሩ ውስጥ ሲጣላ በምን ይጣላል? ቃላቱን እስቲ እንቁጠራቸው።

በጭንቅላት መምታት «ቴስታ» ነው። ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ ራስ። በእግር መምታት «ካልቾ» ነው። እሱም ጣሊያንኛ ነው፤ እርግጫ ማለት ነው፤ ጣሊያኖች እግር ኳስንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በእጅ መምታት «ቦክስ» ነው፤ ይሄኛው ከእንግሊዞች። እግርን ከሥር ማጨድ ደግሞ «ጠረባ» ነው፤ የራሳችን። በላዩ ላይ ከቪዲዮ ቤት የመጣውን «ካራቴ» ጨምሩበት። ካጁኬንቦ በሉት፣ የልደታ ወይም የሽሮሜዳ ልጅ ጠብ በሉት፣ ነገሩ ያው ነው! አባቶቻችን ጣሊያንን ከአገር አስወጥተው ቴስታውን አስቀርተዋል። ጠላት ያመጣው ነው ብሎ ቴስታ የተወ የሰፈር ልጅ አልሰማንም።

ልዩነቱ አንድ ነው። የሰፈር ጠብ ይቀላቅላል እንጂ አይመረምርም፤ የተሸነፈው ይቀየማል፤ ያሸነፈው ይፎክራል፤ ማንም ለማንም «እንዲህ ብትይዘኝ ኖሮ ታሸንፈኝ ነበር» ብሎ አያስተምርም። የፓላማዎቹ አምስት ያደረጉት ይህንን ነው፦ ጠላት ሊያውቅብህ የማትፈልገውን ድክመት ለጓደኛህ ማሳየት።

የምንለማመድበት ተራራም ይህን ያውቃል። በምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ ዋና ከተማው ሊነቀል ሲያስብ፣ ከወደ አውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ደርሶለት ከተማው ባለበት ቀረ። ስሙ መምጫውን ይናገራል፦ ባሕር ዛፍ። ዛሬ ያለ እሱ የአዲስ አበባን ጠረን የሚያስብ የለም። ግን ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም። ስለዚህ ከ700 ሄክታር በላይ በሚሆነው በዚህ ማዕከል ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው ቦታቸውን እንዲያገኙ ይሠራል። ባሕር ዛፍ በመጤነቱ አልተኮነነም፤ አገር በቀሉም በስሙ ብቻ አልተመሰገነም። እያንዳንዱ ዛፍ የሚጠየቀው ለመሬቱ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ጀሶው ሲፈታ

እናም እናቷ ግማሽ ልክ ነበሩ። ያለ መምህር መማር ይቻላል፤ ካኖም ቢሆን፣ ፓላማዎቹም ቢሆኑ በአንድ መምህር ብቻ እዚያ አልደረሱም። ያለ ጥንቃቄ ግን መጨረሻው እውነትም ጀሶ ነው።

ስለዚህ ወደ ሣሩ ስንመለስ ደንብ ይዘን ተመለስን። ማታ በስልክ የታየ ነገር ጠዋት በጉልበት አይሞከርም፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ እንደገና በዝግታ። ኃይሉን የሚወስነው ደካማው ነው። የተያዘ ሰው ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል፤ ክርክር የለም። የሚያሳይ ሰው ከየት እንዳመጣው ይናገራል፦ «ይህ የቦክስ ነው፤ ይህ የአገሬ ልጆች ነው፤ ይህን ዩቲዩብ ላይ አየሁት።» ለሁለታችን ደግሞ ተጨማሪ አንድ አለ፤ በምሽቱ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው ዘዴ መሮጥ ነው። ቡጢው መሮጫ ለጠፋ ቀን ነው።

ጁዶ የሚያውቅ ሰው ለምነንም ለአንድ ወር አወዳደቅ ብቻ ተማርን። አሰልቺ ነበር። ወደ ኋላ መውደቅ፣ ወደ ጎን መውደቅ፣ ተነሥቶ እንደገና መውደቅ። ሣር የነካው ጀርባችን ለሳምንት ያሳክከን ነበር።

ጀሶው የተፈታ ሰሞን ጓደኛችን ተመለሰች። ብቻዋን አልመጣችም፤ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆሎ በከረጢት ቋጥረው ተከትለዋት መጡ። ከጽድ ሥር ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ያዩን ጀመር። ያ ክንዷን የሰበራት ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ያዛት፤ በዝግታ ዞረ። እሷም አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ክንዷን ሣሩ ላይ አሳርፋ ወደቀች። ምንም «ቀጭ» አላለም።

እናቷ ቆሎውን መዘገን አቆሙ።

«እስቲ ያቺን አወዳደቅ ድገሚያት» አሏት።

ደገመቻት። እኛም በተራ በተራ ደገምናት። ለምንሠራው ነገር እስከ ዛሬ ስም አላወጣንለትም፤ ቢወጣለትም እንደ ካጁኬንቦ የሁሉንም ምንጭ የሚጠራ እንዲሆን እንፈልጋለን። ሐሳብ ያላችሁ ላኩልን።

ቸር ቅዳሜ ይግጠመን!